ቢጠመዘዝም አልተነካካም፦ የአንድ ወፍጮ ቤት የሽቦ መጋጠሚያ ጉዳይ

ለምን ተጻፈ

ወሎ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያ ያለው ሰው «ሞተሬ ዝም ብሎ ተቃጠለ» የሚል ታሪክ አያጣም። ሞተር ዝም ብሎ አይቃጠልም። እዚህ ጉዳይ ላይ ሞተሩን የፈጀችው ጣት የምታክል የሽቦ መጋጠሚያ ናት። ስንቱ ባለሙያ እያያት አልፏታል።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና አስተምራለሁ፤ ሲጠሩኝም ወጥቼ እሠራለሁ። ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው የመጋጠሚያ ነገር ነው። ስለ ሞተር ስታወራ ሞተሩን ታሳያቸዋለህ። መጋጠሚያ ግን ጉዳዩ የሚያልቀው ዓይን በማይደርስበት፣ አተም ከአተም በሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ «አጥብቀው» ብሎ ማለፍ ይቀናል። ይህኛው ጉዳይ የሚሸተውንም የማይታየውንም አንድ ላይ ስለያዘ ልመዝግበው አልኩ። ባለቤቶቹ ፈቅደዋል፣ ስም ግን አልጠቅስም።

ቦታውና ዕቃው

ወፍጮ ቤቱ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ፣ ሐርቡ አካባቢ ነው። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ይላል። ማሽላና ጤፍ ይፈጫል፤ በገበያ ቀን ሰልፉ ከግቢ ይወጣል። ባለቤቱ ሐጂ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሥራውን የሚያሯሩጠው ልጃቸው ነው። ወፍጮው የድንጋይ ነው። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ)፣ 15 ኪሎዋት፣ በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ሲያገኝ 30 አምፒየር ገደማ የሚስብ።

ከቆጣሪው እስከ ወፍጮ ቤቱ የተዘረጋው ሽቦ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ምንም ክፋት የለበትም። ከግድግዳው ወዲህ እስከ ማስነሻ ሳጥኑ ድረስ ደግሞ መዳብ። ሁለቱ የሚገናኙት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ የዱቄት ብናኝ ከሚወጣበት መስኮት አናት ላይ ነው። ዝናብ ሲያዘነብልም ይረጠባል። አገናኙ ምን መሰላችሁ? ሁለቱን በፒንሳ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል። በቃ።

ችግሩ

መጀመሪያ የታየው የጉልበት ማነስ ነው። ጠዋት ደህና ይፈጫል። ከሰዓት በኋላ እህሉ ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ኦቨርሎዱ (ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ) ያጠፋዋል። ትንሽ አሳርፈው ሲያስነሱት ይሠራል። እንዲህ ሲንገታገት ከርሞ አንድ ቀን ሞተሩ ተቃጠለ። ደሴ ተወስዶ ተጠቀለለ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ተቃጠለ።

ሞተሩን የጠቀለለው ሰው የዓመታት ልምድ አለው። ከሦስቱ ጥቅል የነደደው አንዱ ብቻ እንደሆነ፣ የሁለቱ ቫርኒሽ እንኳን እንዳልጠቆረ አስተውሎ ለልጁ ነግሮታል። በዴልታ (ሦስቱ ጥቅል እንደ ሦስት ማዕዘን ተያይዘው) የሚሠራ ሞተር እንዲህ ሆኖ ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ፌዝ ጠፍቶበት በሁለቱ ብቻ ሲጎተት ነበር። ግን «መብራቱ ነው» ተባብለው አለፉት። ለሁሉም ነገር መብራቱን ማማረር ለምደናል። ብዙ ጊዜ እውነትም ነው፣ እዚህ ግን አልነበረም። ጎረቤት ያለው የእንጨት ቤት በዚያው መስመር ላይ ሆኖ ሞተሩ አንዴም አልተነካም።

ቀድሞ የተሞከረው

ከመጠራቴ በፊት ብዙ ተደክሟል። ብሬከሩ በትልቅ ተቀየረ፤ ምንም አልፈየደም። ኦቨርሎዱ እያጠፋ ስላስቸገረ መጠኑ ወደ ላይ ተጠመዘዘ። ሞተሩን የጨረሰው ይሄ ነው፤ ዕቃው ያጠፋ የነበረው ሥራውን እየሠራ እንጂ ተበላሽቶ አልነበረም።

የኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) መነካኪያዎች ጠቁረው ስለተገኙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። የኮንታክተር መነካኪያ ብር ያለበት ቅይጥ ነው። ሲጠቁር ያስጠላል እንጂ ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ ከረንት አያግድም። ሲፋቅ ግን ቀጭኑ የብር ሽፋን ያልቃል፣ የወረቀቱ አሸዋም ፊቱ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ጠቁሮ የነበረው ደህና ነበር፤ የተበላሸው ሲጸዳ ነው።

መጋጠሚያውም አልተረሳም። ሞተሩ ዳግም ከተቃጠለ በኋላ አንድ ኤሌክትሪሺያን የመካከለኛውን ፌዝ ጥምዝዝ ፈትቶ በቡሎን የሚጠብቅ የናስ ማያያዣ አደረገበት። ከጥምዝዙ ይሻላል፣ ለትንሽ ጊዜም ሠራ። ከዚያ ሞቀ። ልጁ «ላልቶ ነው» ብሎ አጠበቀው፣ ሠራ። ደግሞ ሞቀ፣ ደግሞ አጠበቀው። በስተኋላ ጁምዓ በመጣ ቁጥር መፍቻ ይዞ መውጣት ልማዱ ሆነ፤ እኔ ስደርስ አሉሚኒየሙ ቡሎኑ ሥር ተዳምጦ ወረቀት አክሏል፣ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ክሮችም ተበጥሰዋል።

ምርመራው

ሆን ብዬ በገበያ ቀን ሄድኩ። እህል ከሌለ ጭነት የለም፣ ጭነት ከሌለ ይሄ ችግር አይታይም። ወፍጮው ሳይነሳ በቴስተር ሲለካ ሦስቱም ፌዝ እኩል 380 ገደማ ነበር። ከእኔ በፊት የመጡት ሁሉ ይህን ለክተው «መስመሩ ደህና ነው» ብለው ሄደዋል። ቴስተር የሚስበው ከረንት እኮ ኢምንት ነው። ለእሱማ ፀጉር የምታህል ንክኪም ትበቃዋለች።

ወፍጮው ተነስቶ ማሽላው ሲገባበት ሽቦውን ከውጭ አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ከረንቱን ለካሁ። ሁለቱ ፌዝ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው በላይ ይስባሉ። መካከለኛው ይዋዥቃል፣ አንዳንዴም ለቅጽበት ጭራሽ ይወርዳል። ቀጥሎ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከመጋጠሚያው ወዲያ፣ ሌላውን ወዲህ አድርጌ በመጋጠሚያው ላይ የሚጠፋውን ቮልቴጅ ለካሁ። (ይሄ ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ የሚለካ ስለሆነ መሰላል፣ ጓንትና ልምድ ይፈልጋል። ልምድ የሌለው አይሞክረው።) ሁለቱ ጥምዝዞች ከመቶ ሚሊቮልት ወዲያና ወዲህ ነበሩ፤ ይሄም አያኮራም። የመካከለኛው 2 ቮልት ገደማ ላይ ይዘላል። 2 ቮልት በ30 አምፒየር ሲባዛ 60 ዋት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ጣት በምታክል ቦታ ውስጥ ነው የሚወጣው። ጆሮን ጠጋ ሲያደርጉት ይንጫጫል።

አጥፍተን ፈታነው። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል። አሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት አለ፣ እህል ሳይሆን ዝገቱ ነው። መዳቡ አረንጓዴ ቀብቷል። በመካከል እውነተኛው የማሽላ ዱቄት ረጥቦና ተጋግሮ ቡናማ ሆኗል። ማያያዣው የያዘውን ገጽ በማጉያ መነጽር ስናየው ግራጫ ነው፤ እዚህም እዚያም የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ጥቂት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ብቻ አሉበት። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ቀልጦ ተንከባሏል።

«ሐጂ፣ እስቲ ይዩት፤ የነካካው ይቺው ብቻ ናት» አልኳቸው።

መነጽሩን ተቀብለው ትንሽ አዩና «ታዲያ እንደ ድንጋዩ ነዋ» አሉኝ። «የተወቀረ ድንጋይ አስፈጭተህ ስትገለብጠው የሚያብረቀርቀው አናት አናቱ ነው፤ ሌላው መች ይነካካል ልጄ።»

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ክፍል ውስጥ ሰጥቼ አላውቅም።

እታች ምን እየሆነ ነበር

የትኛውም የብረት ገጽ፣ መስታወት ቢመስልም፣ ሲጠጉት አባጣ ጎርባጣ ነው። ሁለት ብረት ሲገጥም ጉብታ ከጉብታ ብቻ ይገናኛል። ምን ያህል ስፋት ይነካካል የሚለውን የሚወስነው የገጹ ስፋት አይደለም። የተጫነው ኃይልና የብረቱ ጥንካሬ ናቸው። ጉብታዎቹ ጭነቱን መሸከም እስኪችሉ ይደፈጠጡና ይቆማሉ። ባውደንና ታቦር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1939 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ እያሳለፉ በመለካት ይህን አሳይተዋል። ወደ እኛ ጥምዝዝ ስናመጣው፦ ውስጡ ያለው ጫና የሁለት ኪሎ ክብደት ያህል ነው ብንል፣ በለስላሳ አሉሚኒየም ላይ እውነተኛው መነካኪያ ከ0.1 ካሬ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሽቦው 16 ነው። በ16 የመጣው ከረንት በዚያች ተጨምቆ ያልፋል።

ይህን መጨመቅ በስሌት ያስቀመጠው ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ራግናር ሆልም ነው። የአንድ ክብ ነጥብ ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቃወም መጠኑ) የብረቱ ሬዚስቲቪቲ (ብረቱ በተፈጥሮው ከረንትን የሚቃወምበት መጠን) ለነጥቡ ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዲያሜትሩ 20 ማይክሮ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ነጥብ 1.3 ሚሊኦም ይሆናል። ብዙ ነጥብ ጎን ለጎን ካለ ይቀንሳል፤ ጥቂት ከቀረ ሁሉም ሸክም በእሱ ላይ ይወድቃል።

ነጥቡ እያነሰ እያነሰ ሲሄድስ? መዳብ ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ምንም ሳይገጨው የሚጓዘው ርቀት 40 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ነጥቡ ከዚያ ሲጠብ የሆልም ስሌት ብቻውን አይበቃም፤ ሻርቪን የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በ1965 እ.ኤ.አ. ሌላ ቀመር አምጥቷል። መጨረሻው አንድ አተም ነው። ሁለት የወርቅ ጫፎች አነካክተው ቀስ ብለው ሲለያዩአቸው መካከላቸው ያለው አንገት ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻ አንድ አተም ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ሬዚስታንሱ 12.9 ኪሎኦም አካባቢ ላይ ይቆማል። ቀስ እያለ አይደለም እዚያ የሚደርሰው፤ በደረጃ እየዘለለ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በአንድ ረድፍ የቆሙ የወርቅ አተሞችን አይተዋል። ሲቀራረቡም እንደዚሁ ነው፦ ንጹሕ ብረት ከንጹሕ ብረት በአንድ ናኖ ሜትር ክፍልፋይ ርቀት ላይ ሲደርስ አተሞቹ ሳይነኩ በፊት ዘለው ይያያዛሉ። ሙቀት የለ፣ ብየዳ የለ። ጥሩ መጋጠሚያ ማለት እንግዲህ እንዲህ የተያያዙ አተሞች በብዙ ሚሊዮን ሲደረደሩ ነው።

ታዲያ ሐርቡ ላይ ለምን አልተያያዙም? በመካከላቸው የገባ አለ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ከ2 እስከ 4 ናኖ ሜትር የሚሆን የኦክሳይድ ሽፋን ያወጣል። የአተም አሥር ምናምን ረድፍ ቢሆን ነው። ግን ከረንትን ሙሉ በሙሉ ከልካይ ነው፣ ደግሞም ጠንካራ። ብረቱ ለስላሳ፣ ሽፋኑ ደረቅ መሆኑ ክፉም ደግም አለው። በኃይል ሲጫን ሽፋኑ ይሰነጠቅና ለስላሳው ብረት በስንጥቁ ብቅ ይላል፤ እዚያ ላይ ብቻ ብረት ከብረት ይገናኛል። በፒንሳ የተጠመዘዘ ሽቦ ይህን ለማድረግ ጫናው አይበቃውም። መዳብም ኦክሳይድ አለው፣ ግን ይሄን ያህል አያስቸግርም።

አሁን የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ጨምሩበት። በእያንዳንዱ ዲግሪ አሉሚኒየም ከሚሊዮን 23፣ መዳብ 17፣ የቡሎኑ ብረት 12 ያህል ይለጠጣል። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ማያያዣ ላይ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር በአሉሚኒየሙና በቡሎኑ መካከል ያለው ልዩነት 6 ወይም 7 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። በዓይን ምንም ነው። መነካኪያ ነጥቦቹ ግን ራሳቸው ማይክሮ ሜትር የሚለኩ ናቸው። ሲሞቅ አሉሚኒየሙ መሄጃ አጥቶ ይደፈጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸሻል፣ በተከፈተው ክፍተት አየር ይገባና አዲስ ኦክሳይድ ይሠራል። ልጁ ሲያጠብቀው አንድ ሁለት አዲስ ስንጥቅ ስለሚከፈት ይሻሻላል፣ በዚያውም ሽቦው ይበልጥ ይሳሳል። እርጥቡ ዱቄት ደግሞ አሉሚኒየምንና መዳብን እንደ ባትሪ ድንጋይ ዋልታዎች አድርጎ የሚበላውን አሉሚኒየሙን አደረገው።

ያ 2 ቮልት የቀረውን ይናገራል። በንጹሕ የአሉሚኒየም ነጥብ ላይ 0.3 ቮልት ገደማ ሲወድቅ ነጥቡ መቅለጫው ላይ ደርሷል። ስለዚህ 2 ቮልት ካየን ደህና ነጥብ እዚያ ላይ የለም፤ ይቀልጣል፣ ይበጠሳል፣ ብልጭ ይላል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይያያዛል። ጩኸቱ ይሄ ነበር። በተበጠሰ ቁጥር ሞተሩ በሁለት ፌዝ ይጎተታል።

የተደረገው

ሦስቱም መጋጠሚያዎች ተቆርጠው ወጡ። የተዳመጠው ሽቦ ደህናው ጋ እስኪደርስ ተቆረጠ። አሉሚኒየሙን ከመዳቡ ለማገናኘት ግማሹ አሉሚኒየም ግማሹ መዳብ የሆነ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ገብቶ የሚጨመቅበት ማገናኛ) ተጠቀምን። ሁለቱ ግማሾች ፋብሪካ ውስጥ በሰበቃ የተበየዱ ናቸው፤ ሲፋተጉ ኦክሳይዱ ተገፍቶ ይወጣና ብረቱ በሙሉ ገጹ ይያያዛል። እኛ መሰላል ላይ ሆነን ልናደርገው የማንችለውን ሥራ ሌላ ሰው ጨርሶ ልኮልናል ማለት ነው። አካባቢያችን ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ መጣ።

የአሉሚኒየሙ ጫፍ የዚንክ ብናኝ ያለበት የመጋጠሚያ ቅባት ተቀብቶ፣ ቅባቱ ሳይጠረግ በብረት ብሩሽ ተፋቀ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ደረቁን ፍቀህ ቅባት እስክታነሳ ኦክሳይዱ ተመልሷል። ከዚያ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ተጨመቀ። በመዳቡ በኩል ያለው ቡሎን ላይ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ብቻ ሳይሆን እንደ ስፕሪንግ የሚገፋ ሾጣጣ ሮንዴላ ገባ፤ ብረቱ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ጫናው እንዳይጠፋ። መጋጠሚያው ከዱቄቱ መስኮት ርቆ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። አሉሚኒየሙ ከላይ፣ መዳቡ ከታች ሆነ፤ ከመዳብ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ አሉሚኒየምን ይበላዋል።

የኮንታክተሩ መነካኪያ በአዲስ ተቀየረ። ኦቨርሎዱ ሞተሩ ላይ ወደተጻፈው ተመለሰ። ፌዝ ሲጠፋ የሚያጠፋ ሪሌም ተጨመረ።

የሠራውና ያልሠራው

መጭመቂያውን የምንዋሰው ሰው ዘገየ። ልጁ ገበያ እንዳያልፈው ቸኩሎ አንዱን ካፖኮርዳ በመዶሻ ጠፍጥፎ አስገባው። «አብሽር፣ ይይዛል» አለ። ይዟል። ሲጎተት አይወጣም። በጭነት ሲለካ ግን 40 ሚሊቮልት፣ ሲነካም ለብ ይላል። በመዶሻ የተጠፈጠፈ ቱቦ በሁለት ጎን ይጫንና በሁለቱ ጎን ባዶ ይተዋል። ተቆርጦ በመጭመቂያው ተደገመ። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ከ5 ሚሊቮልት በታች ሆኑ፣ ሙሉ ጭነት ላይ።

ሪሌው መጀመሪያ አስመርሮናል። ማታ ማታ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ፌዝ የጠፋ እየመሰለው ያጠፋ ነበር። ልጁ ሊያልፈው፣ ማለትም ሽቦውን ሊያገናኘው ሲል ሐጂ ከለከሉት። ማስተካከያው ላላ ተደርጎ ችግሩ ተፈታ። በክረምቱ ማግስት ደግመን ስንለካ ሚሊቮልቱ አልተነቃነቀም፣ ሞተሩም ያው ነው።

ሌላ ቦታ ሲገጥም

ከዚህ ጉዳይ አንድ ብቻ ውሰድ ብባል ልኬቱን እወስዳለሁ። ያለ ጭነት የተለካ ቮልቴጅ ስለ መጋጠሚያ ምንም አይናገርም። ወዲያና ወዲህ፣ በሙሉ ጭነት፣ በሚሊቮልት። ሦስቱን ፌዝ እርስ በርስ ማወዳደር ደግሞ ከየትኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል፤ አንዱ ከወንድሞቹ ከተለየ ችግሩ እዚያ ነው።

እየደጋገመ የሚላላ ቡሎን ማጥበቂያ አይጠይቅም። የሚሸሽ ብረት አለ፣ ስለዚህ የሚከተለው ስፕሪንግ ወይም ሌላ አገጣጠም ያስፈልጋል። ሰፊ ገጽ ማድረግም ብቻውን አያድንም። ትልልቅ ሳህን የመሰለ መገናኛ በትንሽ ቡሎን አስረው የሚተማመኑ ብዙ አይቻለሁ፤ ነጥቦቹን የሚያበዛው ጫና ነው። የተቃጠለ ሞተር ሲጠቀለል ደግሞ የትኛው ጥቅል እንደነደደ ጠቅላዩን ጠይቁት፣ መልሱን ይዛችሁ ወደ መስመሩ ሂዱ።

ሽቦ ስትገዙ «መዳብ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ አትመኑ። ላዩ መዳብ ለብሶ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ገበያ ላይ አለ፣ ክብደቱም ቀለል ይላል። ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጣ ካለ ከላይ ስለ አሉሚኒየም ያልኩት ሁሉ ይመለከተዋል፤ ቅባቱም፣ ብሩሹም፣ መጭመቂያውም።